የቀትሩ ጥሪና የአማቴ ማሰሮ

ስለ አማቴ ልጽፍ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ካገባሁ በኋላ፣ ለዚያውም ከሥራ በተረፈች ሰዓት ነው፤ ነገሩ ቢንሻፈፍብኝ አትፍረዱብኝ። አፍም የለኝም። ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ይጠፋል። ግን አብሬያቸው የኖርኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ካልጻፍኩላቸው የሚጽፍላቸው የለም።

ኬማንኮሪ ይባሉ ነበር። ማልዳ በሚባለው የማንጎ አገራችን፣ ከማንጎው ጫካ ጥግ ወዳለችው የጭቃ ቤት በሙሽርነት ገብተው እዚያው አረጁ። ባላቸው የሞቱት ልጃቸው ፎኒ፣ የእኔ ባል፣ ገና ሲድህ ነው። ከዚያ ወዲህ ነጭ ሳሪ ለበሱ፣ ዓሣና ሥጋ ተዉ፤ አዲስ ጨረቃ በወጣች በአሥራ አንደኛው ቀን ደግሞ እንደ ማንኛዋም ባል የሞተባት ሴት ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ይውላሉ። ያን ፆም ታመውም ፈትተው አያውቁም።

ሰፈሩ የሚያውቃቸው በጥሬ ማንጎ ነው። በባይሻክ ወር ሙቀቱ ሲከርር፣ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ድንገት ይጠቁርና ማዕበል ይነሳል። ዛፍ ላይ ያለው ማንጎ የባለጫካው ነው፤ ነፋስ ያወረደው ግን የለቃሚው ነው። ሰው ሁሉ ቅርጫት ይዞ ይሮጣል። አማቴ አይሮጡም። ከኋላ ሆነው፣ ሌላው ረግጦት ያለፈውን እያነሱ ያሸታሉ።

«ይሄ ለምስር። ይሄ ለረመጥ። ይቺ ደግሞ ገና ጡት አልጣለችም፣ ለጨው ትሁን።»

ምስሩ ሲፈርስ ጥሬውን ማንጎ ከነልጣጩ ቆርጠው ይጨምሩበታል። በሰናፍጭ ዘይት ደረቅ ቃሪያ አግለው ያፈሱበትና ክዳኑን ቶሎ ይገጥሙታል። በዚያ ሙቀት እህል የሚባል ያስጠላው ሰው ሽታው ሲደርሰው ሳህኑን ይዞ ይመጣል። ከሁሉ ይልቅ ግን የሚታወቁት በረመጡ ነው። ማንጎውን ረመጥ ውስጥ ይቀብሩታል፤ ልጣጩ ከሰል እስኪመስል፣ ሆዱ እስኪላላ ድረስ እያገላበጡ ይጠብቃሉ። ከዚያ ጨምቀው በቀዝቃዛ ውሃ፣ በስኳር፣ በጥቁር ጨውና በተቆላ ከሙን ይበጠብጡታል። የበጋው ትኩስ ነፋስ የመታው ሰው እሱን ጠጥቶ ነው የሚነሳው። ፎኒ ከልጅነቱ ጀምሮ «አመድ አመድ ይላል» እያለ ያማርርና ሁለተኛ ብርጭቆ ይለምናል።

ዓሣ በጥሬ ማንጎም ይሠሩልን ነበር፤ ለፎኒና ለእኔ። እሳቸው ዓሣ ስለማይበሉ በጣታቸው ጫፍ እንኳ አይቀምሱትም። አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኳቸው።

«እማማ፣ ጨውን በምን ያውቁታል?»

«አፍንጫ ታዲያ ፊት ላይ የወጣው ለጌጥ ነው? እንኳን ጨው፣ ሰው ሲዋሽ ይሸተኛል።»

እኔም ፎኒም ሳቅን። ጨዋቸው ግን አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም ነበር። ይህን ያነሳሁት ኋላ ስለሚመጣው ነገር ነው።

በሰፈራችን በጋ ቀትር ላይ ማንም አይወጣም። ትኩሱ ነፋስ ሲነሳ ውሻው እንኳ ጉድጓድ ቆፍሮ ይተኛል፤ የማንጎው ጫካ ብቻ ይቀራል። በዚያ ሰዓት ከጫካው ሰው ቢጠራህ አቤት አትልም። የሚጠራው ሰው ከሆነ ሦስተኛ ይደግማል። ሰው ያልሆነው ግን ከሁለት በላይ መጥራት አይሆንለትም፤ በሁለተኛው አቤት ካልከው ይዞህ ይሄዳል። ይህን እኛ ዘንድ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ዘንድሮም እናቶች ልጆቻቸውን የሚጠሩት ሦስት ጊዜ ነው።

ፎኒ ለግንባታ ሥራ ወደ ደቡብ ወረደ። የሰፈራችን ወንዶች ሁሉ እንደሚሄዱት ነው የሄደው። በእትዬ ቢንዱ ስልክ ይደውል ነበር፤ እትዬ ቢንዱ ጎረቤታችን ናት፣ ምላሷ ስለት ነው፣ ሆዷ ግን ክፉ አይደለም። ዝናቡ ሲገባ ሌላ ቦታ ሥራ አለ ተብሎ በባቡር ተነሱ። አብሮት የነበረ ልጅ ተመልሶ መጥቶ የነገረን ይህን ብቻ ነው። «ውሃ ጠማኝ አለ። ባቡሩ ሲቆም ጠርሙሱን ይዞ ወረደ። ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። እሱ አልገባም።» የጣቢያው ስም ምን ነበር ስንለው አያውቅም። ፎቶውን ይዘን ያልጠየቅንበት ቦታ የለም። ክረምቱ አለፈ፣ ብርዱ አለፈ፣ ማንጎው አበበ። ወሬ የለም።

አማቴ አላለቀሱም። ውሃ ሲጠጡ ግን ብርጭቆውን አጋምሰው ያስቀምጡት ጀመር።

እንግዲህ ባይሻክ ገባ። ጨረቃዋ በወጣች በሦስተኛው ቀን ካሹንዲ ይሠራል። ካሹንዲ የምንለው ሰናፍጭ ከጥሬ ማንጎ ጋር ተፈጭቶ በአዲስ ማሰሮ የሚታሰረውን ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ይበላል። ሥርዓት አለው። ሰናፍጩን ኩሬ ወርደው የሚያጥቡት ባል ያላቸው ሴቶች ብቻ ናቸው፣ ቁጥራቸውም ጎዶሎ መሆን አለበት። በዓመቱ ሞት የገባበት ቤት ካሹንዲ አይሠራም። ተሠርቶ ማሰሮው ከተበላሸ ደግሞ በዚያ ቤት ሞት አለ ማለት ነው፤ ወይ ደርሷል፣ ወይ መንገድ ላይ ነው።

ስለዚህ ሰፈሩ ዓይኑን እኛ ላይ ጣለ። ካልሠራን ፎኒ ሞቷል ብለን አመንን ማለት ነው። ከሠራንና ከተበላሸ ደግሞ ማሰሮው ተናገረ ይባላል። ያኔ እኔን ኩሬ ዳር ወስደው የባለትዳርነት ምልክቴን፣ የዛጎል አምባሬን በድንጋይ ይሰብሩታል፣ ፀጉሬን የከፈልኩበት መስመር ላይ ያለውን ቀይ ቀለም ያጥቡታል፣ ነጭ ያለብሱኛል። ከዚያ ወዲያ ፎኒ በሕይወት ቢኖር እንኳ ለሰፈሩ ሞቷል። የሚፈልገውም የለም።

አማቴ አዲስ ማሰሮ ይዘው መጡ።

እትዬ ቢንዱ በአጥሩ በኩል አየችና ወገቧን ይዛ ቆመች። «እትዬ፣ ምን ልታደርጊ ነው?»

«አዲስ ማሰሮ ይዛ የመጣች ሴት ምን ታደርጋለች? ባርኔጣ አላደርገው!»

«ቀልዱን ተይው። እኔ አብሬሽ አላጥብም። ባል አለኝ፣ ወንዶች ልጆች አሉኝ። የሌላዋም እጅ አይገባበትም፣ ተነጋግረናል።»

«ተነጋግራችኋል?»

«እህ፣ ምን ላድርግሽ? አብሮ ያጠበ እጅ አብሮ ይነካል። እንኳን እኔ አማልክቱም ይፈሩሻል ዘንድሮ።»

አማቴ ማሰሮውን በጣታቸው መታ መታ አድርገው ድምፁን ሰሙ። «ሙሽሪት ታጥባለች» አሉ። ካገባሁ ስንት ዓመቴ፣ እሳቸው ሙሽሪት ከማለት ሌላ ስም አላወጡልኝም። ስሜ ቶሩ ነው።

«ብቻዋን?» አለች እትዬ ቢንዱ።

«አንድም ጎዶሎ ቁጥር ነው።»

በጠዋት ኩሬ ወረድኩ። ከነሳሪዬ እስከ ወገቤ ገብቼ፣ ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዙሬ ሰናፍጩን አጠብኩ። እሳቸው መግባት ስለማይፈቀድላቸው ዳር ላይ ቆመው ነበር። ሌላ ዓመት ሴቶቹ እየተሳሳቁ፣ እየተረጫጩ ነው የሚያጥቡት። ያን ቀን ውሃው ዝም አለ። ሰናፍጩን ሳሸው የሚወጣው ድምፅ ብቻ ይሰማኝ ነበር፣ ሹክ ሹክ፣ የሆነ ሰው ከውሃው ሥር የሚያወራ ይመስል። ቀና ስል አማቴም ጆሯቸውን ወደ ውሃው አዘንብለዋል።

አደረቅን፣ ፈጨን። ማንጎውን እሳቸው ፈገፈጉ፣ እርድና ጨው አገቡ፣ አፍልተው ያቀዘቀዙትን ውሃ ጨመሩ። ማሰሮውን በንጹሕ ጨርቅ አሥረው ጥግ አስቀመጡት። በዚያው ቀን ቀትር ላይ ጥሪው ጀመረ።

ጋደም ብለን ነበር። በሩ ተዘግቷል፣ ነፋሱ ደረቅ ቅጠል እየገፋ ይመጣል። ከጫካው በኩል ሰማሁት።

«እማ!»

የፎኒ ድምፅ ነው። ትንሽ ቆይቶ፣ «እማ!» አለ ደግሞ። ከዚያ ሌላ የለም። ሦስተኛውን ጠበቅኩ። አማቴ ዓይናቸውን ገልጠው ጣራውን ያያሉ።

በማግስቱም መጣ። በሦስተኛውም ቀን። ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ። የሚያስፈራኝ የፎኒ ድምፅ መሆኑ አይደለም። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው፤ ሰው ሲጠራ አንዴ ይቆጣል፣ አንዴ ይለዝባል። ያ ግን ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ድረስ ልክ እንደዚያው ነው፣ ቃሏን ብቻ ሸምድዶ የመጣ ይመስላል።

«ወፍ ነው እማማ» አልኩ፣ ለራሴም ጭምር።

«ወፍ ይሆናል» አሉ። ደግሞም፣ «ወፏስ ብትሆን፣ ጠምቷታል መሰለኝ» አሉ።

ከፆማቸው ቀን በፊት በነበረው ጠዋት፣ ወደ ማሰሮው ሲሄዱ አየሁ። ካሹንዲ በሳምንቱ ይሸተታል፣ ልማድ ነው። ጨርቁን ፈቱ፣ አጎነበሱ። ብዙ ቆዩ። ጀርባቸውን ነው የማየው። ከዚያ ጨርቁን መልሰው አሠሩት፤ ፊት አንድ የነበረውን ቋጠሮ ሁለት አደረጉት።

«እንዴት ነው?» አልኩ።

«ደህና ነው።»

«እኔም ላሽትተው?»

«ተይው አልኩሽ! ገና ነው፣ ይረበሻል።» ተቆጥተውኝ አያውቁም ነበር።

ያን ቀን ዓሣ እንዳመጣ ላኩኝ። በጥሬ ማንጎ ሠሩልኝ፣ ምስሩንም ሠሩ፣ በስኳር የሚፈላውንም ማንጎ ሠሩ። ፎኒ ከጠፋ ወዲህ ዓሣ ቤታችን ገብቶ አያውቅም ነበር፤ እኔንም አያምረኝም ነበር።

«ብዪ» አሉ ፊቴ አስቀምጠው። «ባል ያላት ሴት ዓሣ ትበላለች።»

«እማማ፣ ለእኔ ብቻ ይሄን ሁሉ...»

«ብዪ ነዋ! እያየሁሽ ብዪ።»

ጨው በዝቶበት ነበር። ከገባሁ ጀምሮ የመጀመሪያው ነው። በላሁት። እስክጨርስ ድረስ ዓይናቸውን ከአምባሬ ላይ አልነቀሉም።

በማግስቱ የውሃው ፆም ነው። ሙቀቱ እንደዚያን ቀን ሆኖ አያውቅም፤ ኩሬው ዳር ጭቃው ተሰነጣጥቆ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ አልቀመሱም። ቀትር ሲቃረብ ግን ተነሥተው ምድጃው አጠገብ ተቀመጡና ማንጎ ረመጥ ውስጥ መቅበር ጀመሩ።

«ዛሬ እኮ አይጠጡም» አልኳቸው።

«ለእኔ አይደለም።»

የመጀመሪያው ማንጎ ሲበስል ጨመቁት፣ በጠበጡት፣ በነሐሱ ብርጭቆ ሞሉት። ሁለተኛው ገና ረመጡ ውስጥ ነው። ያኔ ከጫካው መጣ።

«እማ!»

ብርጭቆውን ያዙ። እኔ በር ላይ ሄጄ ቆምኩ። ርግቦቹ ዝም አሉ። ነፋሱም ቆመ፤ በጋ ቀትር ላይ ነፋስ ሲቆም ሰምቼ አላውቅም።

«እማ!»

ተነሡ።

«እማማ፣ ሦስተኛውን! እባክዎ፣ ሦስተኛውን እንጠብቅ!»

ፊቴን በእጃቸው ዳሰስ አደረጉኝ። እጃቸው አመድ ነበረው። «ሙሽሪት» አሉ፣ «ውሃ የጠማው ሰው ሦስት ጊዜ የሚጠራበት ምራቅ ከየት ያመጣል?» ከዚያ ወደ ጫካው ዞረው፣ ሞልቶ በወጣ ድምፅ፣ «አቤት ልጄ! አቤት፣ መጣሁ!» አሉ።

ሳሪያቸውን ያዝኩ። ጫፉን ከእጄ ቀስ አድርገው አወጡት። «ማንጎውን እዪ፣ ያርራል። ምድጃ ላይ ማንጎ ትቶ መውጣት የሰነፍ ሥራ ነው።» ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አንድ ጠብታ እንዳይፈስ እየተጠነቀቁ፣ ወደ ዛፎቹ ገቡ።

ማንጎውን ከረመጡ አወጣሁትና «እትዬ ቢንዱ!» እያልኩ ተከተልኳቸው። ስንት ጊዜ እንደጠራሁ አላውቅም። እሷ ግን ስትመጣ፣ «ሦስቴ ባትጠሪኝ አልወጣም ነበር» አለችኝ።

ያገኘናቸው ከአሮጌው ዛፍ ሥር ነው። ጀርባቸውን ለግንዱ ሰጥተው፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ብርጭቆው ከፊታቸው መሬት ላይ አለ፣ ባዶ ነው። መሬቱን አየሁ፤ ደረቅ ነው። ስኳር የፈሰሰበት ቦታ ጉንዳን ወዲያው ይከበዋል፣ አንድም ጉንዳን አልነበረም። ከንፈራቸው ደግሞ ተሰነጣጥቆ ነጭ ሆኗል። እሳቸው አልጠጡትም።

«ጠጣ» አሉኝ።

«ማን ነው የጠጣው እማማ?»

«አመድ አመድ ይላል አለኝ።» ፈገግ አሉ። «ስለ አንቺም ጠየቀኝ። ዓሣ በልታለች አልኩት።»

እትዬ ቢንዱ ወደ ኋላ ሸሸች። ቢሆንም መልሳ መጣችና ተሸክመናቸው ገባን። ውሃ ወደ ከንፈራቸው አስጠጋን፤ ጥርሳቸውን ገጠሙ። ፆም ነው። ከጤና ጣቢያ የመጣችው ነርስ ሙቀት ነው አለች፣ መርፌም ሰጠች። እውነቷን ነው፣ ሙቀት ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፉ። አስከሬናቸው የሚቃጠልበትን እሳት፣ ልጃቸው ስለሌለ፣ የባላቸው የወንድም ልጅ ለኮሰላቸው።

በማግስቱ ጠዋት፣ እትዬ ቢንዱ ሌሎቹን ሴቶች አስከትላ መጣችና ማሰሮውን አወጣች። ሁለቱን ቋጠሮ ለመፍታት በጥርሷ ታገለች። ጨርቁ ሲነሳ ሁላችንም አፍንጫችንን ያዝን። ካሹንዲው ጠቁሯል፤ ከላይ ሽበት የመሰለ ነገር አብቅሏል። ይህ የአንድ ሌሊት ብልሽት አይደለም።

አንዷ ዓይኗን ወደ አምባሬ ጣለች። ሌላዋም ጣለች። እጄን ከሳሪዬ ሥር ደበቅኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳላውቀው የምፈራው ይህን ሰዓት ይመስለኛል።

እትዬ ቢንዱ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ማሰሮውን አየች፣ ሁለቱን ቋጠሮ አየች፣ የአማቴን ባዶ አልጋ አየች። እሷ ሞኝ አይደለችም። ያንን አፍንጫ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

«አንቺ» አለች ለመጀመሪያዪቱ፣ «ምን ታፈጥጫለሽ? አንድ ማሰሮ የሚናገረው አንድ ሞት ነው። ሞቱ ትናንት ወጥቷል፣ ትከሻዬ እስካሁን ያመኛል። ሌላ ምን ልታመጪ ነው?»

«እኔ ምን አልኩ?»

«ዓይንሽ አለ እንጂ!» እጄን ከሳሪዬ ሥር ጎትታ አወጣችና አምባሬን ከፍ አደረገችው። «ይቺ ልጅ ባል አላት። ማሰሮውን አንሡና ቅበሩት፣ ሸተተን።»

ቀበሩት። እኔም የዚያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመርኩት። አማቴ ጨርቁን ፈትተው ባጎነበሱ ጊዜ ሽታው ነግሯቸው ነበር። ለማን እንደሆነ ግን ማሰሮ አይናገርም፤ አንድ ሞት ብቻ ነው የሚጠይቀው። እሳቸውም ሌላ ሰው ሳይከፍተው፣ ሞቱን ራሳቸው ሊሰጡት ሄዱ። ዓሣውን ያበሉኝ ለዚህ ነበር። ጨው የበዛበትም አፍንጫቸውን ያ ሽታ ይዞት ስለነበር ይመስለኛል።

ፎኒ እስካሁን አልመጣም። ይኑር አይኑር አላውቅም። ቀዩን ጠዋት ጠዋት እቀባለሁ፣ ዓሣ እበላለሁ፣ ሰው ወደ ደቡብ በሄደ ቁጥር ፎቶውን አስይዤ እልካለሁ። የእሱ ጥሪ ከዚያ ቀን ወዲህ ከጫካው ተሰምቶ አያውቅም።

ዘንድሮ ሞት የገባበት ቤት ስለሆንን ካሹንዲ አልሠራሁም። ረመጡን ግን ማን ይከለክለኛል። ማዕበሉ ያወረደውን ለቀምኩ፣ እንደሳቸው ለማሽተት ሞከርኩ፣ ሁሉም ማንጎ ማንጎ ሸተተኝ። ቀትር ላይ ሁለቱን ረመጥ ውስጥ ቀብሬ ብርጭቆ ልጠርግ ወደ ውስጥ ገባሁ፤ ሐሳብ ይዞኝ ሄደ መሰለኝ፣ ዘገየሁ። ነፋሱ ቆመ። ከአሮጌው ዛፍ በኩል ሰማሁ።

«ሙሽሪት! ማንጎው አረረ!»

ትንሽ ቆየና ደገመ፣ በዚያው ቁጣ፣ በዚያው ድምፅ።

«ሙሽሪት! ማንጎው አረረ!»

ሦስተኛ አልመጣም። ምድጃው ጋ ስሄድ እውነትም በአንድ በኩል ማረር ጀምሯል።

አቤት አላልኩም። ማንጎውን ግን ገለበጥኩት።